ለፈተና የምናጠናው የመልሱን ፊደል ነው ወይስ ሕጉን?

ጎንደር ማራኪ አካባቢ በሚገኝ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ለጥብቅና ፈቃድ ፈተና የምትዘጋጅ አንዲት ወጣት የመለማመጃ ጥያቄዎች ጥራዟን አሳየችኝ። አንደኛው ጥያቄ ሠራተኛ ከወለደች በኋላ ስንት ቀን ፈቃድ እንደሚሰጣት ይጠይቃል፤ «60 ቀን» የሚለው ምርጫ በቀይ ተከቧል። ይህ መልስ ትክክል የነበረው በተሻረው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሆኗል። ልጅቷ ይህን ጥራዝ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ሠርታዋለች።

በመለማመጃ ጥያቄ መዘጋጀትን አልቃወምም፤ እንዲያውም ሕጉን ከዳር እስከ ዳር እያነበቡ ብቻ ፈተና ከመግባት እጅግ የተሻለ ነው። ችግሩ ከጥያቄው ይልቅ የመልሱን ፊደል መሸምደዳችን ነው። ያልተከፈለውን ብድር ለማስመለስ አበዳሪው ክስ የሚያቀርብበት ጊዜ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 መሠረት 10 ዓመት መሆኑን በቃሉ የያዘ ተፈታኝ፣ ከሳሹ መኪና የገጨው እግረኛ ሲሆንበት ያንኑ 10 ዓመት ይመርጣል። ጉዳዩ ከውል ውጭ የሚመጣ ኃላፊነት ስለሆነ ግን ቁጥር 2143 በመደበኛነት የሚሰጠው 2 ዓመት ብቻ ነው። ነገ ቢሮ ከፍቶ ይህንኑ ቢሳሳት፣ በይርጋ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያው ጊዜ በማለፉ፣ መብቱን የሚያጣው ደንበኛው ነው።

ስለዚህ ሕጉን ዘግቶ መመለስ፣ ከዚያ ገልጦ ቁጥሩን ከጥያቄው ጎን መጻፍ፣ የቀሩት ሦስት ምርጫዎች ለምን እንደወደቁም በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስፈር ያስፈልጋል። ይህ አሠራር ለከተማችን እንግዳ አይደለም፤ ፍትሐ ነገሥት በጉባኤ ሲተረጎምባት በኖረችው ጎንደር ተማሪው «አንድም» እያለ የትርጓሜውን ምክንያት ጭምር እንዲያውቅ ይጠበቅበት ነበር። ቀን ሥራ ውሎ ማታ ለሚያጠና ሰው ጊዜ እንደሚያጥር አውቃለሁ፤ ሆኖም በዚህ መንገድ የተሠሩ 20 ጥያቄዎች በሩጫ ከተከበቡ 200 ይበልጣሉ።

ጥራዝ አዘጋጅተው የሚያሰራጩ ወገኖችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። የሠራተኛ ሕጉ ብቻ ሳይሆን የ1952ቱ የንግድ ሕግም አብዛኛው ክፍል በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክቷልና፣ በእያንዳንዱ ጥያቄ ግርጌ መልሱ የተመሠረተበትን ሕግ ቁጥርና ዓመት ይጻፉልን።