ለገና ጭቃና ባዘቶ ይበቃል

ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ልጄ ከመዋዕለ ሕፃናት አንዲት ብጣሽ ወረቀት ይዛ መጣች። ለገና ማስጌጫ የሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ ፊኛና አንድ ጥቅል ጥጥ ላኩ ይላል። ጥጡ ለምንድን ነው ስላት፣ "ለበረዶ" አለችኝ። ደብረ ማርቆስ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ ብርዱን እንጂ ዛፍ የሚያለብስ በረዶ አይታ አታውቅም። ገዝቼ ላክሁ። በኋላ ምን እንደሠራች ስጠይቃት ያስጌጡት መምህራኑ ነበሩ። ልጆቹ ቆመው አዩ፤ ፎቶ ተነሡ፤ በቃ።

የሚቆጨኝ ይሄ ነው። የፕላስቲክ ዛፍ ገዝቶ ቤቱን ያደመቀ ሰው አይወቀስም። ግን ትንሽ ልጅ በዓሉን በእጁ ካልነካው ምኑን ያስታውሰዋል? ደግሞ ታኅሣሥ ጎጃም ውስጥ የመከር ወር ነው። ጭዱም አገዳውም በየደጁ አለ።

ዘንድሮ እኛ ቤት ከጭቃ ጀመርን። መረሬ አፈር ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ቀዩ ይሻላል። ቤት ሲመረግ እንደሚደረገው ደቀቅ ያለ የጤፍ ጭድ ጣል አድርጎ በደንብ ማሸት ነው። ልጄ፣ አሁን ስድስት ዓመቷ ነው፣ ላምና አህያ ሠራች። ለቀንዱ የግራር እሾህ ሰካሁላት፤ ዓይኑን እሷ ራሷ በኑግ ፍሬ አደረገችው። የሦስት ዓመቱ ወንድሟ የሚችለው ማድበልበል ብቻ ነው። ስለዚህ እሱ ያድበለበለው ሁሉ በግ ሆነ፤ ለመፍተል የተነደፈ ጥጥ፣ ባዘቶ፣ ተጠቀለለበት። አያታቸው እንዝርቷን ይዛ ከጎናችን ተቀምጣለች። "አንች ልጅ፣ ባዘቶዬን ጨረሽው እኮ!" ትላለች፤ መልሳ ግን ራሷ ቆንጥራ ትሰጣለች። በረቱን ከበቆሎ አገዳ አቆምነው፤ ክዳኑ ጭድ ነው። እንስሳቱ ሕፃኑን በትንፋሻቸው እንዳሞቁት አያታቸው ስትነግራቸው ልጄ አህያዋን አንሥታ ወደ ግርግሙ አስጠጋቻት። ይህን ማንም አላዘዛትም።

ጧፍም ይሠራል። ክሩን ልጆቹ ጫፍና ጫፉን ይዘው ያከሩታል። ጠጅ የሚጥል ጎረቤት ካለ ሰፈፍ አይጠፋም፤ እሱ ቀልጦ ተጣርቶ ሰም ይወጣዋል። ማቅለጡና ክሩን መንከሩ የትልቅ ሰው ሥራ ነው፤ ልጅ እሳቱ አጠገብ አይድረስ። ለብ ሲል ግን በጣውላ ላይ እያንከባለሉ ሊያለሰልሱት ይችላሉ። በራሱ እጅ ያለሰለሰውን ጧፍ በገና ሌሊት የሚይዝ ልጅ ምን ያህል ደስ እንደሚለው አስቡት።

የገና ጨዋታንም አንርሳ። እረኞች ልደቱን ሲሰሙ በደስታ በዱላቸው ተጫወቱ ይባላል። በዱላ የሚመታው የእንጨት ኳስ፣ ሩሩ፣ ለትንንሾች አደጋ አለው፤ ቁራጭ ጨርቅ በአሮጌ ካልሲ ጠቅጥቆ መስፋት ይበቃል። ዱላው ጫፉ ቆልመም ያለ ቀላል ቅርንጫፍ ይሁን። ለበረቱ ደግሞ ባሕር ዳር ያላችሁ ደንገል፣ እንጅባራ ያላችሁ ቀርከሃ በእጃችሁ አለላችሁ።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህራንን አንድ ነገር እለምናለሁ። ዘንድሮ ወረቀት ስትልኩ አንድ እፍኝ ጭድና አንድ ቆርቆሮ ቀይ አፈር ጠይቁን። ልጆቹ ይሥሩት፤ ተጣሞም ይቁም። ልብሳቸው ቢቆሽሽ እኛ እናጥባለን። ጭቃው በጥላ ቀስ ብሎ መድረቅ ስላለበት እስከ ታኅሣሥ 20 ቢጀመር ለ29 ይደርሳል። የእኛዋ አህያ ትናንት አንድ ጆሮዋ ወልቋል፤ ዛሬ ማታ በእርጥብ ጭቃ እንጠግናታለን።