ከፍለንበት በእርሳስ እንደምራለን

እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ። ክረምት ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል። አምስት ሆነን ጠረጴዛ ከብበናል። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ደብተራው ድልድዩ ላይ ቆሞ፣ ዘንዶው ላይ ሊደግምበት አፉን ከፍቷል። ሁሉም እኔን ያየኛል። እኔ ደግሞ ላፕቶፑ ላይ የምትሽከረከር አንዲት ክብ ነገር አያለሁ። ትዞራለች። ትዞራለች። አሁንም ትዞራለች።

«ደረሰ?»

«ቆይ።»

«አሁንስ?»

«ቆይ አልኩህ እኮ!»

በመጨረሻ ክቧ ጠፋችና አንድ መስመር ጽሑፍ መጣ። የሆነ ችግር ተፈጥሯል፣ ቆይተው ይሞክሩ ይላል። የሆነ ችግር! ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ሐኪሙ «የሆነ ነገር አሞሃል፣ ቆይተህ ና» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ?

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። የጠረጴዛ ላይ ጨዋታ ነው፤ ግን እንደ ሉዶ ወይም እንደ ዳማ አይደለም። አንዱ ታሪኩን ይተርካል። ሌሎቹ የየራሳቸውን ገጸ ባሕሪ ሆነው ይገቡበታል። አንዱ ሽፍታ ነው፣ አንዷ አዝማሪ፣ አንዱ ደብተራ። የጨዋታው ሕግ ያለበት መጽሐፍ ላይ ሌላ ስም አላቸው፤ እኛ ግን እንዲህ ነው የምንጠራቸው። ሽፍታው ገደል ልዝለል ካለ ዳይስ ይጥላል። ዘለለ ወይስ ተሰበረ የሚለውን ዳይሱ ይወስናል። ከተረት የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ተራኪውም መጨረሻውን አያውቀውም። ታትሞ በመውጣት የመጀመሪያው የሚባለው ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን እንደ ፈረንጆቹ በ1974 ያወጡት። እኛ የምንጫወተው እሱን አይደለም፤ ከእሱ በኋላ የመጣ ሌላ ነው። የአሳታሚውን ስም አልጠራም። ብጠራው ደሜ ይፈላል።

ያኔ የነበራቸው እርሳስ፣ ወረቀትና ዳይስ ነው። አልቋል። መብራት አይፈልግ፣ ኔትወርክ አይፈልግ። እንዲያውም ሳስበው ለጎጃም ክረምት የተፈጠረ ጨዋታ ነው።

ታዲያ ምን አገባን ዲጂታሉ ውስጥ? መጽሐፉ ነው ያገባን። አንድ መጽሐፍ ለአምስት ሰው ነበር ያለን። እሱም ውጭ አገር ያለ የጓደኛችን ወንድም ለገና ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ያመጣው ነው። ድንጋይ ያክላል። አንዱ ሲያነብ አራቱ ይጠብቃሉ። ከዚያ አሳታሚው በየወሩ የሚከፈልበት አገልግሎት አለኝ አለ። መጽሐፉ በየስልካችሁ ይገባል፣ ገጸ ባሕሪያችሁን አፑ ይሠራላችኋል፣ ሒሳቡን እሱ ይደምራል፣ ካርታውም ስክሪን ላይ ይታያል አለን። አመንን።

የእኛ ካርድ እዚያ አይሠራም። ስለዚህ ያው ወንድም በሱ ካርድ ይከፍላል፣ እኔ ደግሞ ወር በገባ ቁጥር ለእናቱ ብሩን ወስጄ እሰጣለሁ። ባለፈው እትዬ ብሩን ቆጥረው ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ በየወሩ የምትከፍለው የምንድነው?»

«የጨዋታ ነው እትዬ። እንደ ተረት ነው።»

«ተረት በገንዘብ?»

ዝም አልኩ። ምን ልበላቸው? ደግሞስ የሚሠራ ተረት ቢሆን አይደል ደፍሬ የምመልሰው።

ሒሳቡን ልንገራችሁ። ደብተራችን ጥሩር ለብሶ 14 የመከላከያ ነጥብ አለው። ጋሻ ሲይዝ 2 ይጨመርለታል። (ደብተራ ጋሻ ይዞ? አዎ፣ የጎጃም ደብተራ ነው።) 14 እና 2 ስንት ነው? አፑ 18 ነው ይላል። ጋሻውን ሁለቴ ቆጥሮታል ማለት ነው። እሺ ብለን ጋሻውን አስጥለን መልሰን አስያዝነው። 20 ሆነ። ይሄን ያየችው ፋርማሲ የምትሠራዋ ጓደኛችን ናት፤ ቁጥር አታምንም፣ ሥራዋ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፑ የደመረውን ሁሉ በደብተር ላይ መልሰን እንደምራለን። ዘበኛ ቀጥሮ ሌሊቱን ሙሉ ዘበኛውን ሲጠብቅ እንደሚያድር ሰው ሆነናል። ደሞዙን ግን አላቋረጥንም።

አንጀቴን ያሳረረኝ ግን የስሙ ነገር ነው።

አዝማሪዋን የምትጫወተው ታናሽ እህቴ ናት። ለገጸ ባሕሪዋ ስም አወጣች፣ «ውድነሽ» ብላ ጻፈች። አፑ ቀይ ሆነ። ስም ላይ ፊደል ብቻ ያስገቡ አላት። ፊደል ብቻ! ታዲያ ምን አስገባች፣ ባቄላ? እነ ዋሸራ፣ እነ ጎንጅ፣ እነ ዲማ ተማሪ ቅኔ ሲያስቆጥሩ በኖሩበት አገር ቁጭ ብለሽ የጻፍሽው ፊደል አይደለም ስትባዪ ምን ይሰማሻል? እህቴ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ደግሞ የባሰው በኋላ መጣ። ስሙን ሌላ ቦታ ጽፈን ኮፒ አድርገን ስንለጥፈው ተቀበለው። እልል አልን። ከዚያ ወረቀቱን ፕሪንት ልናደርግ ፒዲኤፍ አወጣን። «ውድነሽ» አራት ባዶ ሳጥን ሆና ወጣች። የአባቷን ስም ጨምረን ሞከርን፤ ሳጥኑ በዛ እንጂ ሌላ ለውጥ የለም። የፕሪንት ቤቱ ልጅ «ይሄ የቤት ፕላን ነው?» አለኝ።

ምክንያቱን ስለማውቀው ነው የበለጠ የሚያናድደኝ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ መዝገብ ውስጥ፣ የገባው እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ነው። ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈው። ኮምፒውተሩ ፊደሉን ያውቀዋል። ችግሩ ፒዲኤፉን የሚሠሩበት ፎንት ውስጥ የእኛ ፊደል ስለሌለ ነው፤ ፎንቱ ያጣውን ፊደል በባዶ ሳጥን ይተካዋል። መድኃኒቱ እንደ ኖቶ ያለ ግዕዝ ያለበት ነጻ ፎንት አብሮ መክተት ነው። ነጻ! አምስት ሳንቲም አያስወጣም። ይሄንኑ በምችለው እንግሊዝኛ አሳምሬ፣ ስክሪንሾት አያይዤ ላኩላቸው።

መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን፣ እባክዎ የብራውዘርዎን ካሽ (ብራውዘሩ ያስቀመጠውን ጊዜያዊ ፋይል) ያጽዱ ይላል። አጸዳሁ። አሁንም ሳጥን። መልሼ ጻፍኩ። አሁንም ካሽ ያጽዱ። እንዲህ አራት ጊዜ አጸዳሁ፤ ቤቴን እንኳ በዚያ ሳምንት አራት ጊዜ አላጸዳሁም። ከዚያ ኔትወርክ ጠፋና ስምንት ቀን ቆየ። ሲመለስ አንድ ኢሜይል ጠበቀኝ። ምላሽ ስላልሰጡ ጉዳይዎ ተዘግቷል።

እኔ ነኝ ምላሽ ያልሰጠሁት!

ፍትሐዊ ልሁን። ሁሉንም በነሱ አላሳብብም። አንድ ጊዜ አፑ ጨዋታው በሁለት ሰዓት ነው ብሎ መልእክት ላከና ሽፍታችን በጠዋት ሁለት ሰዓት መጥቶ በር አንኳኳ። ያ የእኛና የፈረንጅ ሰዓት የቆየ ጣጣ ነው። ዳይሱም ቢሆን «አፑ ይጠላኛል» የሚለውን ሽፍታውን አልሰማውም። በባለ 20 ፊት ዳይስ ሦስቴ ተከታትሎ 1 መጣበት። ከ8,000 ውስጥ አንዴ የሚሆን ነገር ነው፤ ግን ይሆናል። በእጅ ቢጥለውም ሊመጣበት ይችል ነበር።

መጽሐፉን ግን ይቅር አልላቸውም። «ግዛ» የሚል ቁልፍ ነበር፣ ተጭነን ገዛን። ስልካችን ላይ ወረደ፣ አየነው፣ ቦታም በላ። ዳታ ሲጠፋ ልንከፍተው ብንሞክር መጀመሪያ ከሰርቨሩ ጋር ልገናኝ አለ። የራሴን መጽሐፍ ለመክፈት ውቅያኖስ ማዶ ያለ ሰው ማስፈቀድ አለብኝ? ለካ አልገዛንም፤ የማንበብ ፈቃድ ነው የተሰጠን። በዚህ የተናደድነው እኛ ብቻ አይደለንም። ካሊፎርኒያ እንደ ፈረንጆቹ ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ፣ ሻጩ የሚሸጠው ፈቃድ መሆኑን በግልጽ ሳይናገር ለዲጂታል ዕቃ «ግዛ» የሚል ቃል እንዳይጠቀም የሚከለክል ሕግ ሥራ ላይ አውላለች። ይሄን ሳነብ ትንሽ ቀለለኝ። ያ ድንጋይ የሚያክለው መጽሐፋችን ግን፣ ዳታ በተዘጋባቸው በእነዚያ ረጃጅም ወራት በሻማ ሲነበብ ከርሟል። ቡና ፈስሶበታል፤ ገጽ 112 ተጣብቋል። ከፈትከው፣ ተከፈተ።

ባለፈው ወር ትልቅ አፕዴት መጣ ተባለ። ደስ አለኝ፤ ሳጥኑ ተስተካክሎ፣ ጋሻውም አንዴ ተቆጥሮ ይሆናል አልኩ። የሁለት ቀን ፓኬጅ ጨርሶ ወረደ። ከፈትኩት። ምን ጨመሩ? ዳይስ። ሲጣል እሳት የሚተፋ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ለብቻው የሚሸጥ ዳይስ። ጣሪያው የሚያፈስ ሰው ግድግዳ ሲቀባ አይታችኋል? ጋሻው አሁንም ሁለቴ ይቆጠራል። እኛም እሳት የሚተፋ 18 አገኘን ማለት ነው።

ወደዚያ እሁድ ልመለስ። ክቧ እየዞረች እያለ ነጎድጓድ መጣና መብራት ድርግም አለ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ዓመቱ ነው፤ እሱም አብሮ ጠፋ። ማንም አልተነፈሰም። ፋርማሲስቷ ደብተሯን ዘረጋች፣ እህቴ ሻማ አመጣች። ደብተራው ኪሱን ፈትሾ ባለ 20 ፊቱን ዳይስ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ከረከቦቱ ጋር ተጋጭቶ ቆመ። 4።

ዘንዶው ዋጠው። እስከ ማታ ስንስቅ ነበር።

ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ መብራት መጣ። ላፕቶፑን ሰክቼ አፑን ከፈትኩት። ደብተራው ድልድዩ ላይ በሕይወት ቆሟል። የመከላከያ ነጥቡ 22 ሆኗል።