ዕጣ ለተራ እንጂ ለጸጋ አይጣልም

ጎንደር ውስጥ የሚገኝ አንድ ደብር ሰበካ ጉባኤ ሰሞኑን ከቅዳሴ በኋላ ያስነበበውን ውሳኔ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። የሰንበት ትምህርት ቤቱም የበጎ አድራጎቱም አገልጋዮች ከአሁን ወዲያ በየስድስት ወሩ በዕጣ ይመደባሉ። መዝሙር ክፍል የነበረው ሒሳብ ይደርሰው ይሆናል፤ ሕፃናት ስታስተምር የኖረችው ንብረት ቆጠራ፤ በሽተኛ ሲጠይቅ የኖረው ድምፅ ማጉያ። የደረሰውን አልሠራም ያለ ደግሞ "በገዛ ፈቃዱ እንደ ለቀቀ ይቆጠራል"።

ውሳኔው ብቻውን ቢሆን ዝም ብዬ ባለፍሁ። ብዕር ያስነሳኝ አንድ የጉባኤው አባል ለምን ተብለው ሲጠየቁ የሰጡት መልስ ነው፦ "አገልጋይ አይመርጥም። ዳዊት እረኛም፣ በገና ደርዳሪም፣ ንጉሥም ነበር። ሐዋርያትም ዕጣ ጥለዋል።"

በዳዊት እንጀምር፤ የጠሩት እሳቸው ናቸውና። ሳኦል በገና የሚደረድርለት ሰው በፈለገ ጊዜ ባሪያዎቹ ስም ጽፈው ሙዳይ ውስጥ አልከተቱም። ከመካከላቸው አንዱ የእሴይ ልጅ ጎበዝ ደርዳሪ መሆኑን ያውቅ ስለነበር ስሙን ጠራ፤ መጣ። ለንግሥናም ሳሙኤል ሰባቱን ወንድሞች አንድ በአንድ አሳልፎ ነው ከበግ ጥበቃ ያስጠራው። ነቢዩ ራሱ እኮ በመጀመሪያ በኤልያብ ቁመና ተታሎ ነበር! ነቢይ ሰውን ለይቶ ለማወቅ ይህን ያህል ከተቸገረ፣ እኛ የተጠቀለለ ወረቀት ይለይልናል ብለን መቀመጣችን ድፍረት ነው።

ዳዊት ከነገሠ በኋላ ሰው ሲመድብ ያደረገው ደግሞ ክርክሩን ከሥሩ ይነቅለዋል። 1ኛ ዜና መዋዕል 25ን ይክፈቱ። ከአሳፍ፣ ከኤማንና ከኤዶታም ቤት ዝማሬ የተማሩና የበቁ 288 ሰዎች ተለዩ። በ24 ክፍል፣ በየክፍሉ 12 ሆነው ተደለደሉ። ዕጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ የወሰነውም የትኛው ክፍል በየትኛው ተራ እንደሚገባ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ምዕራፍ በረኞቹም ዕጣ ጥለዋል፤ ግን በየትኛው በር እንደሚቆሙ ለማወቅ። ከበረኝነት ወደ ዝማሬ፣ ከዝማሬ ወደ ግምጃ ቤት በዕጣ የተሻገረ አንድ ሰው ያሳዩኝ።

በይሁዳ ምትክ ሐዋርያ ሆኖ የተመረጠው የማትያስም ነገር ያው ነው። ጴጥሮስ አስቀድሞ መስፈርት አወጣ፦ ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ ጌታ እስካረገበት ቀን ድረስ አብሮን የነበረ። አንድ መቶ ሃያ ያህል ሰው በተሰበሰበበት ሁለት ሰዎች ለዕጩነት ቆሙ፤ ዕጣው የተጣለው በሁለቱ ብቁዎች መካከል ነው። የመጥምቁ ዮሐንስ አባት ዘካርያስ ለማጠን ዕጣ ሲደርሰው ከአብያ ክፍል የሆነ ካህን ነበር፤ ከገበያ የተጠራ ነጋዴ አልነበረም።

መጽሐፉ ይቅር። ጎንደር ላይ ተቀምጦ እንዲህ ያለ ውሳኔ መወሰን ነው ይበልጥ የሚገርመው። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ለዘመናት የኖሩት ሰውን በጸጋው እየለዩ ነው። ፊደል፣ ንባብና መዝሙረ ዳዊት የሁሉም ነው፤ ማንም አይዘለውም። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ይለያያል። ድጓ (የዓመቱን ዜማ) ያለው ደቡብ ጎንደር ወዳለው ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት (የቁርባንና የፍትሐት ዜማ) ያለው ወደ ዙር አምባ፣ ቅኔ ያለው ጎጃም ተሻግሮ ወደ ዋሸራ ወይም ጎንጅ፣ አቋቋም (የማኅሌቱን ዝማሜና ሽብሸባ) ያለው ወደዚሁ ወደ ጎንደር በዓታ ይመጣል። የትኛው ተማሪ ለየትኛው ጉባኤ ቤት እንደሚሆን የሚያውቁት መምህሩ ናቸው፤ የሚያውቁትም ዓመታት አብረውት ስለኖሩ ነው። ድምፁ ሲሰበር ሰምተዋል። ቃል ቶሎ የሚይዘውንና ቶሎ የሚረሳውን ለይተዋል፤ ምሥጢር ሲነገረው ዓይኑ የሚበራውንም እንዲሁ።

ቅኔ ቤትን ተመልከቱ። ተማሪው ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እየበረታ ሲሄድ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ቆጥሮ (ቅኔ አዘጋጅቶ) የመጣውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማሉ፣ ይመልሳሉ፣ እንደገና ያስቆጥራሉ። ጉባኤ ቃና ላይ ገና የሚንገዳገደውን ልጅ "ስድስት ወር ሞልቶሃል፣ ዕጣህ መወድስ ነው" የሚሉ የቅኔ መምህር ከዋሸራ እስከ ዋድላ ፈልጋችሁ አታገኙም። ድምፁ ለዜማ ያልሆነ፣ ቅኔውም እምቢ ያለው ልጅስ? ሜዳ ላይ አልተጣለም። እጁ የሚታዘዝለት ከሆነ ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ ቁም ጸሐፊ ሆነ፤ መሪ ጌታውም ቄሱም እሱ በጻፈው ያነባሉ። ይህን ሥርዓት የመሠረቱ አባቶች ስለ አስተዳደር ሥልጠና ወስደው አያውቁም። ሰው ማየት ግን ያውቁ ነበር።

የደብሩ አደረጃጀት ራሱ ይህንኑ ይመሰክራል። የዜማው አለቃ መሪ ጌታ፣ በማኅሌት የቀኙንና የግራውን ወገን የሚመሩት ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ፣ የንዋየ ቅድሳቱ ኃላፊ ቄሰ ገበዝ፤ እያንዳንዱ ስም ከኋላው የታወቀ ሙያና የታወቀ ፈተና አለው። ጉባኤው ዕጣ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ይገልጣል ብሎ ከልቡ ካመነ፣ የመጪውን የልደት ማኅሌት ቀኝ ጌታ በዕጣ ያውጣና እንየው። ከበሮውንም እንዲሁ። ይህን እንደማያደርጉት አውቃለሁ፤ ማኅሌቱ ሲበላሽ ሁሉም ይሰማዋላ! ሕፃናት ክፍል ሲበላሽ ግን የሚሰማው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ልጆቹ ሌላ ቦታ ናቸው።

"መነኮሳትስ የታዘዙትን አይሠሩም?" የሚል እንደሚነሣ ይገባኛል። ይሠራሉ። ረድኡ፣ ገና ጀማሪው፣ ውኃ ቅዳ ሲባል ይቀዳል፣ ፍጭ ሲባል ይፈጫል። ግን የሚያዝዙት አበ ምኔትና መጋቢ ረድኡን በስሙ፣ በጠባዩና በድካሙ ያውቁታል። ለሚያውቅህ አባት መታዘዝና ለማያውቅህ ወረቀት መታዘዝ ምን አገናኛቸው?

በተግባር የሚበላሸውን ደግሞ በከተራ ቀን ማየት ነው። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ መንገድ ላይ የተሰለፉት ወጣቶች ከሩቅ ላየ ሰው አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ምንጣፍ አንጣፊው ታቦት ካለፈበት ከኋላ ጠቅልሎ፣ ተሸክሞ፣ ሮጦ፣ ከፊት ይዘረጋል፤ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ታቦት የተሸከሙትን ካህን እርምጃ መለካት አለበት። ቸኩሎ ከዘረጋው ምንጣፉ ይሸበሸባል፤ ካህኑ ደግሞ ታቦት በራሳቸው ላይ ስላለ ጎንበስ ብለው እግራቸው ሥር አያዩም። ገመድ የሚይዘው ሲገፉት የማይቆጣ መሆን አለበት፤ ግልፍተኛው መልሶ ይገፋል፣ አንድ ሰው ይወድቃል፣ ከኋላ ያለው በላዩ ይረግጣል። የጠፋ ሕፃን የሚቀበለው ልጅ የማይፈራው ፊት ያለው፣ ስምና ሰፈር በቀስታ ጠይቆ የሚመዘግብ እንጂ ማይክ ይዞ የሚጮህ አይደለም። እነዚህን ሦስት ሰዎች በዕጣ አዛውሯቸው፤ በዓሉ ሳይመሽ ሦስቱም ቦታ ላይ ችግር ይፈጠራል።

መሪ ነኝ የሚል አካል ሥራው ይህን መለየት ነው። ከባድ ምሥጢር የለውም፤ የሚጠይቀው ጊዜ ነው፤ ዕጣ የተመረጠውም ጊዜ ስለሚቆጥብ ይመስለኛል። አዲስ አገልጋይ ሲመጣ "የት ትፈልጋለህ?" ብሎ መጀመር አይጠቅምም። አብዛኛው "መዝሙር" ይላል፣ ያየው እሱን ብቻ ስለሆነ። ይልቅ ጎረቤት ሲቸገር ለምን እንደሚጠራው ይጠየቅ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ለማስተከል? ለማጽናናት? የዕድር ወረቀት ለመጻፍ? ከዚያ በሦስት ክፍሎች አራት አራት ሳምንት፣ ከነባር አገልጋይ ጎን ሆኖ፣ ኃላፊነት ሳይሰጠው ይቆይ። የየክፍሉ ተጠሪ በመጨረሻ ሦስት ነገር ይጻፍለት፦ በሰዓቱ ይመጣ ነበር ወይ፣ ሳይታዘዝ ምን ሠራ፣ ሰዎች ምን ሊጠይቁት ወደ እሱ ሄዱ። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ ጸጋውን ባለቤቱ ሳያውቀው ምእመኑ ያውቀዋል። የንስሐ አባቱም ይጠየቁ፤ ግን ምሥጢር እንዲያወጡ አይደለም። "ይህ ኃላፊነት አሁን ይከብደዋል?" ለሚለው "አዎ" ወይም "አይ" ብቻ ይበቃል። ጳውሎስ ዲያቆናት አስቀድሞ ይፈተኑ ያለው ለጌጥ አይደለም።

ምደባው ለአንድ ዓመት ይሁን፤ አንድ ዋና አገልግሎት፣ ቢበዛ አንድ ተጨማሪ። በስድስተኛው ወር ከሁለት ሰዎች ጋር ይነጋገር፤ ያልሆነለት ያለ ሐሜት ይዛወር። እዚህ ላይ ብዙ ደብሮች የሚሳሳቱት ሰውየውን መድበው መሣሪያውን ስለሚረሱ ነው። በኦሪት ዘኍልቍ 7 ሙሴ ድንኳኑን ለሚሸከሙት ሌዋውያን ሰረገሎችን ሲያከፋፍል ለጌድሶን ልጆች 2 ሰረገላና 4 በሬ፣ ለሜራሪ ልጆች 4 ሰረገላና 8 በሬ ሰጠ፤ ሳንቃውንና ምሰሶውን የሚሸከሙት የሜራሪ ልጆች ነበሩና። ለቀዓት ልጆች ምንም አልሰጠም፤ ንዋየ ቅድሳቱን በትከሻቸው ነበር የሚሸከሙት። እኛ ዘንድ በጎ አድራጎት የተመደበው ወጣት አዘዞ ድረስ ሄዶ አልጋ የያዙ እናት እንዲጠይቅ ይታዘዛል፤ የታክሲ ብር ግን ከኪሱ ነው። ከዚያ "ወጣቱ ቀዘቀዘ" ይባላል።

ጉባኤው ካነሣቸው ምክንያቶች ውስጥ አንዱ ብቻ እውነት አለው፦ በአንድ ክፍል የቆየ ሰው ክፍሉን ርስቱ ያደርገዋል። ያደርገዋል። ቁልፉ በኪሱ፣ መዝገቡ በቤቱ የሆነ የክፍል ተጠሪ አዲስ አይደለም። ግን መድኃኒቱ የሥልጣን ዘመን መወሰንና ለእያንዳንዱ ተጠሪ ምክትል ማሠልጠን ነው። ዘማሪውን ከመዝሙር ማውጣት ተጠሪውን አይነካውም።

መዛወር በእርግጥ የሚያስፈልገው ገንዘብ ያለበት ቦታ ነው። ሙዳየ ምጽዋት በሁለት ሰዎች እጅ ባሉ ሁለት ቁልፎች ይከፈት፤ ዝምድና የሌላቸው ሦስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይቁጠሩ፤ ድምሩ ከቦታው ሳይነሡ በሦስት ቅጂ ይፈረም፤ ቆጣሪዎቹም በየሩብ ዓመቱ ይለወጡ። ከፈለጉ እነዚህን፣ መቁጠር ከሚችሉ ታማኞች መካከል፣ በዕጣ ያውጡ፤ ዳዊትም ቢሆን አይቃወማቸው። የተነበበው ውሳኔ ግን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ስለ ሙዳየ ምጽዋቱ አንድ ቃል የለውም። ሊቀ መንበሩ፣ ጸሐፊውና ሒሳብ ሹሙም ዕጣ ውስጥ አልገቡም።