ዘጠኝ ጣት

ባለፈው እሑድ አንድ ጓደኛችን ቤቱን አስመረቀ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ዶሮው ተበላ፣ ቢራው ተከፈተ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ ተወራ፣ ወሬው አለቀ። ይሄኔ የቤቱ ጌታ ታናሽ እህት ስልኳን አውጥታ «ጨዋታ እንጫወት» አለች።

ሕጉ ቀላል ነው። እሷ ጥያቄ ታነባለች። ሦስት ይቆጠራል። ከዚያ ሁሉም «እሱ ነው» ወዳለው ሰው ጣቱን ይቀስራል።

«ሎተሪ ቢደርሰው ስልክ ቁጥሩን የሚቀይር ማን ነው?»

ጣቱ ሁሉ ባንክ ወደሚሠራው ጓደኛችን ሄደ። ሳቅን። እሱም ሳቀ፤ ጥርሱ ብቻ። «ለምን እኔ?» ሲል «ጨዋታ ነው ባክህ!» ተባለ። ይህች «ጨዋታ ነው» የምትባል ነገር የማትሸከመው ጉድ የለም።

እኔ ተራዬን እየጠበቅኩ ነው። መቼም ለራሴ ያለኝ ግምት ቀላል አይደለም። «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቢደወልለት ተነስቶ የሚመጣ ማን ነው?» ስትል ወገቤን ቀና አደረግኩ። ጣቶቹ አጠገቤ ወዳለው ልጅ ሄዱ። አንዷ ብቻ እኔ ዘንድ መጥታ ትንሽ ቆየች። አሰበች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። ጭራሽ ባትመጣ ይሻለኝ ነበር።

«ሒሳብ ሲመጣ መታጠቢያ ቤት የሚሄድ?» ሲባል እኔና የባንኩ ልጅ እርስ በርስ ተጠቋቆምን። የቀረው ሰው እኩል ለሁለት ተከፈለልን።

ከዚያ የኔዋ መጣች።

«ገና ቤቱ ካልሲ እየፈለገ ‹መገናኛ ደርሻለሁ› የሚል ማን ነው?»

ሦስት እንኳን አልተቆጠረም። ዘጠኝ ጣት! አንዱ እጁ ስላልተመቸው በቢራ ጠርሙሱ ጠቆመኝ። የቤቱ ጌታ እናት ጨዋታው ውስጥ የሉበትም፤ ቡና እየቀዱ ነው። እሳቸውም ጀበናውን እንደያዙ በአገጫቸው አመለከቱኝ። «እትዬ፣ እርስዎም?» ብል «ምን ላድርግ ልጄ» አሉ። ከሁሉ የቀደመችው ግን ባለቤቴ ናት። ያውም ቀለበት ባጠለቅኩበት እጅ።

በልጅነታችን እንቆቅልሽ ስንጫወት ያልመለሰ ሰው «አገር ስጠኝ» ይባል ነበር። አገሩን ትሰጣለህ። የተሰጠው ልጅ እዚያ ሄዶ ጮማ ይቆርጣል፣ ጠጅ ይጠጣል፤ ላንተ አጥንቱንና አተላውን ይልክልሃል። ተሰድበህ ትስቃለህ። ግን ስድቡ ለሁሉም አንድ ነው፤ አንተን ለይቶ አያውቅህም። ማፊያ የሚሉት፣ መሃላችን የተደበቀውን «ገዳይ» የምንፈልግበት ጨዋታም ቢሆን ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሞስኮ ውስጥ የፈጠረው ዲሚትሪ ዳቪዶፍ የሥነ ልቦና ተማሪ ነበር አሉ፤ እዚያም «ገዳዩ አንተ ነህ» የሚልህ ሰው እየገመተ ነው። የኔዎቹ አልገመቱም።

የሚገርመው ደግሞ ሃያ ዓመት አብረን ስንበላ አንዳቸውም «ታረፍዳለህ» ብለውኝ አያውቁም። ይሉኝታ አለ። «ወይ የዚህ አገር ትራፊክ!» እያሉ ወንበር ይስቡልኝ ነበር። እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ ትራፊኩን አማርር ነበር። ለካ ትራፊኩን አምኖ የኖረው እኔ ብቻ ነኝ።

ስንወጣ የባንኩ ልጅ በር ላይ ያዘኝ። «የሚቀጥለው እሑድ እኔ ቤት ነው፤ ስድስት ሰዓት፣ እንዳትቀር» አለኝ። ቂም እንዳልያዘብኝ ሳይ ደስ አለኝ።

ደረጃውን እየወረድን ለባለቤቴ «ስድስት ሰዓት ብሎናል፤ በዚህኛው እንኳን በጊዜ እንድረስ» አልኳት።

«ስድስት ላንተ ነው» አለችኝ፣ የእጅ ባትሪውን ደረጃው ላይ እያበራች። «ምሳው ሰባት ተኩል ነው።»