የቻርሊን እርም ሳናወጣ
ባለፈው ሳምንት ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ዝናብ ያዘኝና አንድ ሊስትሮ ላስቲክ ስር ተጠለልኩ። ልጁ ሥራ ስላልነበረው ስልኩ ላይ አፍጥጧል። ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ጠጋ ብዬ ሳይ ቻርሊ ቻፕሊን ነው። በረዶ ውስጥ ካለች ጎጆ ቁጭ ብሎ፣ የሚበላ ቢያጣ ጫማውን ቀቅሎ ይበላል። ማሰሪያውን እንደ ፓስታ በሹካ ይጠቀልላል። ምስማሩን እንደ አጥንት ይመጠምጣል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ አሁንም አለ?» አለኝ።

«ሞቷል» ስለው ሳቁ ቆመ። «ውይ ሚስኪን! መቼ?»

ትናንት የሞተ ነበር የመሰለው። ቻርሊ ያረፈው ግን ታኅሣሥ 16 ቀን 1970 ዓ.ም. ስዊዘርላንድ ውስጥ ነው፤ 88 ዓመቱ ነበር። ያን ሰሞን እኛ አገር ቀይ ሽብር ነበር፤ በምሥራቅ ጦርነት። የገዛ ልጁን እንዳያለቅስ የተከለከለ ወላጅ ለፈረንጅ ኮሜዲያን ከየት እንባ ያመጣል? እርሙን ሳናወጣ ቀረን።

ኮሜዲያን ሲሞት «አሳቀን፣ ነፍሱን ይማር» ብሎ ማለፍ አለ። እኔ ይሄ አይዋጥልኝም። ቻርሊ ረሃብን ከመጽሐፍ አላነበበውም። ለንደን ውስጥ ገና በ7 ዓመቱ የድሆች መጠለያ ገብቷል። እናቱ አእምሮዋ ታሞ ሆስፒታል ለሆስፒታል ተንከራታለች። ያቺ የጫማ ምሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 በወጣው «ዘ ጎልድ ረሽ» ያለችው፣ ጫማዋ የተሠራችው ከጥቁር ከረሜላ ነው። ረሃቡ ግን የእውነት ነው። ቀልድ ቀላል ሥራ ለሚመስለው ደግሞ ይህን ልንገረው፦ አንዲት ዓይነ ስውር ልጅ አበባ ስትሸጥለት የምታሳየዋን አጭር ትዕይንት 342 ጊዜ ደጋግሞ ቀርጿታል።

የአበባ ሻጯ ፊልም፣ «ሲቲ ላይትስ»፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ሌላው ሁሉ ፊልሙን በድምፅ መሥራት ጀምሮ ነበር፤ እሱ ግን ገጸ ባሕሪውን አላናግርም አለ። ጅማ ላይ ሆኜ ሳስበው ለእኛ የዋለልን ውለታ ይመስለኛል። እዚህ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ኦሮምኛው፣ አማርኛው፣ ዳውሮኛው፣ የምኛው አብሮ ይሰማል። ቻርሊ ሲወድቅ ግን አስተርጓሚ ሳንጠብቅ እኩል እንስቃለን።

እስቲ ዘንድሮ ታኅሣሥ 16 ማታ አንዱ ቡና ቤት ኳሱን ይዝጋና ቻርሊን ይክፈትልን። ቡናው ይፈላ፣ ፈንዲሻ ይበተን፣ ልጆችም ይምጡ።

ዝናቡ ሲያባራ ጫማዬን ዘረጋሁለት። ቀለም እንዳይነካው ማሰሪያዬን ወደ ውስጥ ሲከት ትዝ አለውና ጣቱ ላይ ጠቅለል አደረገው። ቀና ብሎ አየኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን።