ክብርን ከውጭ ማስመጣት ይብቃን

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። አንዲት ኢትዮጵያዊት ከፓሪስ ወይም ከብራስልስ ሽልማት ባገኘች ቁጥር ፎቶዋን እየተቀባበልን የአገር ኩራት ስናደርጋት ማየት አንገሽግሾኛል። በደስታችን አልቀናሁም። ሃያና ሠላሳ ዓመት አጠገባችን ስትለፋ ማን ናት ብለን ሳንጠይቅ፣ ፈረንጅ ሲጠራት ብቻ የእኛ ናት ብለን መነሳታችን ነው ያሳፈረኝ። (ዓመተ ምሕረቱንም በአብዛኛው በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ሽልማቶቹም የመጡት ከዚያው ነው።)

የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪዋ ሰገነት ቀለሙ ፍኖተ ሰላም ተወለዱ። ተባይ የገበሬውን ማሳ ሲያወድም አይተው ነው ያደጉት። ዓለማያ ኮሌጅ ገብተው እርሻ ተማሩ፤ ቀጥለውም አሜሪካ፣ ካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ በዕፅዋት በሽታ ዶክትሬታቸውን ሠሩ። ኮሎምቢያ ውስጥ ለዓመታት ተመራመሩ። ቻይና ለውጭ አገር ባለሙያዎች የምትሰጠውን የወዳጅነት ሽልማት በ2006 ሰጠቻቸው። በ2013 ናይሮቢ የሚገኘውን ኢሲፔ የተባለ የነፍሳት ምርምር ማዕከል እንዲመሩ ተሾሙ፤ ቦታውን የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በ2014 ደግሞ የሎሬያልና የዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተሸላሚ ሆኑ። ቤጂንግ በ2006 ያወቀቻቸውን ሴት ከመካከላችን ስንቱ ዛሬም አያውቃቸውም? የእግር ኳስ ተጫዋችን የዝውውር ዋጋ በቃሉ የሚነግረን ወጣት ስማቸውን ሰምቶ ያውቃል? ወጣቱን አልወቅስም። ያልነገርነው እኛ ነን።

ስለ ወይዘሮ አበበች ጎበና ግን ረዘም አድርጌ መናገር አለብኝ፤ ጥፋታችን ከሁሉም ይልቅ ራቁቱን የወጣው እዚያ ላይ ነውና። አባታቸው በጣሊያን ወረራ ዘመን ተገደሉ። በ10 ዓመታቸው ያለ ፈቃዳቸው ተዳሩ፤ አምልጠው አዲስ አበባ ገቡ፤ ተማሩ፣ ሥራ ያዙ፣ ትዳር መሠረቱ። በ1980 ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ወሎ ወጡ። ያኔ ወሎ ረሃብ ነበር። የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አዩ። ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ።

እንግዲህ እዚህ ላይ እኛ እንመጣለን። ባል አልፈቀደም፤ ዘመድም አበደች አለ። ምርጫ ሲሰጣቸው ከሞቀ ቤታቸው ወጥተው ከልጆቹ ጋር መኖርን መረጡ። የእሳቸው ባል ወይም ዘመድ ከሌላው የከፋ ነበር ብዬ አላምንም፤ በቦታቸው ብንሆን አብዛኞቻችን ያንኑ እንል ነበር። አሁንም እንላለን። ሰፈር ውስጥ የሰው ልጅ የምትሰበስብ ሴት ስናይ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን ልታገኝበት ነው?» ብለን አይደለም? እኒሁ «ያበዱ» ሴት ድርጅት አቋቁመው አርባ ዓመት መሩት፤ ሕፃናት አሳደጉ፣ አስተማሩ፣ እናቶችን አቋቋሙ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ሲያርፉ የሐዘን መግለጫው ጎረፈ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው አይደል የሚባለው? አንገቱን በሕይወት ሳለ ለመለካት ምን ከለከለን?

ደግሞ ስናመሰግናቸውም እንኳ አናውቅበትም። ርኅራኄያቸውን እናወራለን፣ እንባቸውን እናወራለን፤ በጀት ማብቃቃታቸውን፣ ለጋሽ ማሳመናቸውን፣ ሠራተኛ መቅጠርና ማሰናበታቸውን፣ ከቢሮ ቢሮ መንከራተታቸውን አናነሳም። ወንድ ድርጅት ሲመራ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ሴት ስትመራ ደግ እናት ናት። ደግነት ብቻውን ለመቶ ልጅ ቁርስ አያቀርብም።

ቦጋለች ገብሬም እንዲሁ ናቸው። ከምባታ ውስጥ ውኃ ልቅዳ እያሉ ተደብቀው ፊደል የቆጠሩ ልጅ ነበሩ። ኢየሩሳሌም፣ ኋላም አሜሪካ ተማሩ። በ1997 ከእህታቸው ጋር ኬኤምጂ የተባለ የሴቶች ድርጅት መሥርተው የሴት ልጅን ግርዛት ሊታገሉ ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመለሱ። ሕዝቡ መጀመሪያ የነገራቸው ግን ስለ ድልድይ ነበር፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴውም ገበያ የሚሻገርበት አልነበረም። ድልድዩን አሠሩ፤ ከዚያ በኋላ ተደመጡ። ከንግግር ይልቅ መደማመጥን አስቀድመው፣ ከአዛውንትም ከወጣትም ጋር ተቀምጠው፣ ስንት ዘመን የኖረን ልማድ አናወጡት። ለዚህ ሥራ የቤልጂየሙን የንጉሥ ቦዱዋን ሽልማት በ2013 ተቀበሉ። በ2019 ካረፉ ወዲህ ስማቸውን ከከምባታ ውጭ ስንት ሰው ያነሳል?

ፍረወይኒ መብራህቱ ደግሞ ታጥቦ ተመልሶ የሚያገለግል የወር አበባ መጠበቂያ ሠርተው መቀሌ ላይ ፋብሪካ አቆሙ። ስለ ወር አበባ በአደባባይ ማውራት ነውር ነው ብለን ፊታችንን ያዞርን እኛው ነን፤ በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ሲላቸው ነውሩ በአንድ ሌሊት ጠፋ።

የአዲስ አበባን ፌስቱላ ሆስፒታል ያቋቋሙት አውስትራሊያዊቷ ሐኪም ካትሪን ሃምሊን ወደ አገራችን የመጡት በ1959 ነው። አውስትራሊያ በ1995 ከፍተኛ የክብር ደረጃዋን ሰጠቻቸው። እኛ የክብር ዜግነት የሰጠናቸው በ2012 ነው፤ ከመጡ ከ53 ዓመት በኋላ። ይሁን፣ እሱም ቢሆን ተደርጓል። ከጎናቸው የቆሙት ማሚቱ ጋሼስ? ራሳቸው ታካሚ ሆነው ገብተው፣ አልጋ ከማንጠፍ ጀምረው፣ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው የተዋጣላቸው የፌስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆኑ። ቢቢሲ በ2018 ከዓለም 100 ሴቶች መካከል ጠራቸው። አሁንም ጠሪው ሌላ ነው።

አገራችን ኒሻን አታውቅም እንዳትሉኝ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ በ1922፣ ለሴቶች ተብሎ የንግሥተ ሳባ ኒሻን ተቋቁሞ ነበር። የሚደርሰው ግን በተለይ ለንግሥታትና ለመሳፍንት ወይዛዝርት ነበር፤ ትውልድ እንጂ ድካም አልተለካበትም። ዘውዱ ሲወድቅ ኒሻኑም ቀረ። ብሪታንያም ብትሆን ክብሯን ለረጅም ጊዜ በባለሥልጣን ጥቆማ ስትሰጥ ኖራ ነው በ1993 ማንኛውም ዜጋ ጎረቤቱን እንዲጠቁም የፈቀደችው። ዛሬ እዚያ ሠላሳ ዓመት የሰፈር ልጆችን ያስጠናች መምህርት የምትሸለመው አንድ የምታውቃት ሰው ቁጭ ብሎ ስለጻፈላት ነው።

«ለሽልማት ብለው አልሠሩም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ክርክሩ ግን ሰነፍ ነው። ሽልማቱ ለተሸላሚዋ ጌጥ ብቻ መሰላችሁ? የተዘጋ የቢሮ በር የሚከፈተው፣ ለጋሽ የሚያምነው፣ ባል «ሚስቴ አበደች» ከማለቱ በፊት ቆም ብሎ የሚያስበው፣ አባት ልጁን ከመዳር ይልቅ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚያስባት አገር ማንን እንደሚያከብር አይቶ ነው። ለሌላው ዓይነት ክብር ግን አንሰስትም፤ በስብሰባው ሁሉ ለስፖንሰሩ የምስክር ወረቀት ስንሰጥ ውለን ነው የምናመሸው።

ታዋቂዎቹን ብቻ እንዳነሳሁ ይታወቀኛል። በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች፣ ከቤት ቤት እየዞሩ ያስከትባሉ፣ ነፍሰ ጡር ይከታተላሉ። የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በስሟ ታውቋታላችሁ?

ስለዚህ መንግሥትን ብቻ አትጠብቁ። በ2005 ዓ.ም. በእኛው አቆጣጠር የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት ዕጩ ከሕዝብ ይቀበላል። ጥቆማ ስትጽፉ ማሞገሱን ተዉትና ምን እንደሠራች፣ ከመቼ ጀምሮ፣ የት፣ ለስንት ሰው እንደሆነ፣ ማን ሊመሰክር እንደሚችል ጻፉ። ዩኒቨርሲቲዎች፣ የሙያ ማኅበራት፣ የወረዳ ምክር ቤቶች፣ እናንተም በየዓመቱ አንዲት ሴት መርጣችሁ በስሟና በሥራዋ ማክበር ይሳናችኋል? የመረጣችኋትን ሴት ደግሞ በቁሟ ጥሯት፤ መድረኩ ላይም ከባለሥልጣኑ ንግግር በፊት እሷ ትናገር።