የመሸበት እንግዳ በ123456 ይገባል

የጎጃም ሰው የመሸበትን እንግዳ አይመልስም ሲባል፣ ድሮ ቀርቷል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ደብረ ማርቆስ ሰፈራችንን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። በየበረንዳውና በየሳሎኑ አምፖል መሳይ ካሜራ ተሰቅሏል፣ የይለፍ ቃሉም የሁሉም አንድ ነው፤ የሚገጥመው ልጅ «እንዳይረሱት» ብሎ ለሁሉም 123456 ያደርግላቸዋል። አሳቢ ባለሙያ ማለት ይሄ ነው!

ጎረቤታችን ጋሼ ግን የተለየ ምስጋና ይገባቸዋል። የግቢያቸው በር ብረት ነው፣ ሁለት ጓጉንቸር አለው፣ አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሏል፣ ከበሩ ሥር ደግሞ እኔን እስካሁን ያልለመደኝ ውሻ አለ። ሳሎናቸው ግን ለዓለም ክፍት ነው። «ጋሼ፣ ይቺን ቁጥር ቢቀይሯት» ብላቸው «ማን እኔን ብሎ ያያል ልጄ» አሉኝ። ትሕትና!

እውነታቸውን ነው፣ እሳቸውን ብሎ የሚመጣ የለም። ሚራይ የተባለው ቫይረስም የማንንም ስም አልጠየቀም። ከፋብሪካ የወጡ ስልሳ ያህል የተለመዱ የመግቢያ ስሞችና የይለፍ ቃሎችን ይዞ ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ካሜራ ሁሉ ያንኳኳ ነበር፤ የከፈተለት ቤት ያድራል። ጥቅምት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. እነዚያ ካሜራዎች ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ ዳይን የተባለውን፣ የድረ ገጾችን አድራሻ ፈልጎ የሚያገናኘውን የአሜሪካ ድርጅት በአንድ ላይ አጨናነቁትና ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለብዙ ሰው አልከፈት አሉ። ካሜራውን ነቅሎ መልሶ ቢሰኩት ቫይረሱ ይጠፋል፤ የይለፍ ቃሉ ያው ከሆነ ግን ብዙም ሳይቆይ ከች ይላል፣ ዣንጥላ ረስቶ እንደሄደ ዘመድ።

እንግሊዞች እንኳ በሚያዝያ 2016 ሁሉም የሚያውቀው የፋብሪካ ይለፍ ቃል ያለበት ዕቃ እንዳይሸጥ በሕግ ከለከሉ። ንፉጎች! እኛ የእነ ዋሸራ አገር ልጆች ነን፤ አንዲት ቃል ስንናገር ሰምና ወርቅ ካልኖራት አንረካም። ካሜራ ላይ ግን ሰም ብሎ ነገር የለም፣ ወርቁ በግላጭ።

ባለፈው ሳምንት የጋሼ ካሜራ ማንም ሳይነካው አንገቱን አዙሮ የመኝታ ቤቱን በር ሲያይ አደረ። ጠዋት ልጁ ተጠራ። «እንግዲያው ሌላ ቁጥር ላድርግለት?» አለ። «የማልረሳው ይሁን» አሉ ጋሼ። የስልክ ቁጥራቸውን አደረገላቸው። ያው ብረት በሩ ላይ «የሚከራይ ክፍል አለ» ከሚለው ሥር በነጭ ቀለም የተጻፈውን።